ቴኳንዶ ለጎልማሳ ምን ይጠቅማል?

ቴኳንዶ የልጆች ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። በ38 ዓመቴ ግን ሐኪም «ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ይንቀሳቀሱ» ሲለኝ ደነገጥኩ። ቀን ቢሮ፣ ማታ ክፍል፣ ሁሌ ወንበር ላይ ነኝ። እሱኑ አማክሬ፣ መድኃኒቴንም ሳላቋርጥ ሰፈራችን ያለ ክበብ ገባሁ።

ለመሆኑ ጥቅሙ ምንድን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ከሠራን 180 ደቂቃ ሆነ። ልብ ይጠነክራል፣ የደም ሥሮች ዘና ይላሉ፤ ግፊትም በዚያው ይቀንሳል። በአንድ እግር ቆሞ በሌላው መምታት ደግሞ ጡንቻንና ሚዛንን ያጎለብታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ከመውደቅ የሚያተርፈን እሱ ነው።

ታዲያ ሳያሟሙቅ እንደ ወጣት ልዝለል ያለ ጉልበቱን ይጎዳል። የእኔ እግር እስካሁን ከወገቤ አያልፍም። ግን አራተኛ ፎቅ ያለው ክፍላችን ስደርስ ማለክለኬ ቀርቷል።