የድንጋይ ትቢያና የቆራጩ እስትንፋስ

በአዲስ አበባ ሕንፃ በሚታነጽበት ሠፈር ሁሉ የግራይንደር ጩኸት ከማለዳ እስከ ሠርክ አይቋረጥም፤ ከጩኸቱም ጋራ ሴራሚክና ግራናይት የሚቆርጠውን ባለሙያ እስከ ቅንድቡ የሚያነጣው ትቢያ ይነሣል። ስለ መሣሪያው ዋጋና ጉልበት የሚጠይቅ ብዙ ሲሆን ስለ ትቢያው የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ምርጫው ሁሉ ከትቢያው ሊጀመር ይገባዋል እላለሁ።

ደዌው ጥንታዊ ነው። ኢጣሊያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ ድንጋይ ጠራቢዎች የሚስቡት ብናኝ ሳንባቸውን እንደሚጎዳ ጽፎ ነበር። በመዶሻና በመሮ ከሚጠርበው ይልቅ ግን፣ በ1954 እ.ኤ.አ. አከርማንና ሽሚት የተባለው የጀርመን ድርጅት ፈጣኑን ግራይንደር ካወጣ ወዲህ በዚሁ መሣሪያ የሚቆርጠው ሠራተኛ፣ ዓይን የማያየውን ረቂቅ ብናኝ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በብዛት ይስባል። በብናኙ ውስጥ ያለው ሲሊካ በሳንባ ላይ ጠባሳ እየጣለ ሲሊኮሲስ የሚባለውን፣ መድኃኒት ያልተገኘለትን ደዌ ያመጣል፤ ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል።

ስለዚህ አስቀድሞ የድንጋዩን ባሕርይ ማወቅ ያሻል። ንጹሕ እብነ በረድ ሲሊካው እጅግ ጥቂት ነው፤ ግራናይት ብዙ ይይዛል፤ እንደ አምቦ ድንጋይ ያለው አሸዋማ ድንጋይ ከዚያም ይበልጣል፤ በፋብሪካ የሚጋገረው የኳርትዝ ጠረጴዛ ደግሞ ከመቶ 90 በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ አውስትራሊያ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች።

ለሴራሚክ 115 ወይም 125 ሚሊ ሜትር ግራይንደር ጠርዙ ሙሉ ከሆነ የአልማዝ ዲስክ ጋራ ይበቃል፤ ለወፍራም ድንጋይ ጠርዙ የተከፋፈለ ዲስክ ይሻላል፤ 230 ሚሊ ሜትር ያለው ለጥልቅ ቁርጥ ብቻ ይያዝ። ከሁሉ የከፋው ልማድ ግን መከላከያ ሽፋኑን አውልቆ በትንሹ መሣሪያ ላይ ትልቅ ዲስክ ማሰር ነው። በደቂቃ 11,000 ጊዜ በሚዞር የ125 መሣሪያ ላይ የ180 ዲስክ ቢታሰር፣ ጠርዙ በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ የተለመደው ወሰን ግን 80 ነው። እንዲህ የታሰረ ዲስክ ቢሰነጠቅ ስብርባሪው የሚያገኘው ፊትን ነው።

ረዳቱ ክዳኑን በበሳው ሃይላንድ በዲስኩ ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ ብዙ ጊዜ ይታያል። ትቢያው በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለውሃ ያልተሠራ፣ በ220 ቮልት የሚሠራ ግራይንደር ውሃ ወደ ሞተሩ ሲገባበት የሚይዘውን ሰው ሊገድል ይችላል። ትክክለኛው ነገር ለውሃ የተሠራ መሣሪያ፣ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ኃይሉን ወዲያው ከሚያቋርጥ ማብሪያ ጋራ መጠቀም፣ ወይም ትቢያውን ከዲስኩ ሥር የሚስብ ሽፋን ከመሳቢያው ጋራ መግጠም ነው። ሴራሚክን ቀጥ አድርጎ ለመቁረጥማ የእጅ መቁረጫው ያለ ጩኸትና ያለ ደመና ይበቃል። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚጠመጠም ሻሽ ረቂቁን ብናኝ አያግድም፤ ፊት ላይ በሚገባ የሚገጥም ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ወለሉም በደረቁ አይጠረግ።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው፤ ወጪውንም የቀን ሠራተኛው ከደመወዙ ይሸፍን ማለት ፍትሕ አይደለም። አሠሪው ለሴራሚኩና ለሲሚንቶው ዋጋ እንደሚመድብ ሁሉ፣ የውሃውን፣ የመሳቢያውንና የማጣሪያውን ዋጋ በውሉ ዝርዝር ውስጥ ለብቻው ያስገባ፤ ሥራውን የሚረከበው መሐንዲስም ይህ መፈጸሙን ሳያይ ክፍያ አይፈርም።