ጎል የሚተነብየው ወረቀት

ወረቀቱ ላይ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በየሳጥኑ ውስጥ ነጥቦች ተበትነዋል። ተፈታኙ ነጥቦቹን በአራት ቀጥታ መስመሮች እያገናኘ በየሳጥኑ አዲስ ቅርጽ ይሥላል። የተሰጠው ጊዜ 60 ሰከንድ ነው። የደገመው ቅርጽ አይያዝለትም። በሁለተኛው ዙር ጥቁርና ባዶ ነጥቦች ይቀላቀሉና ጥቁሮቹን ትቶ ባዶዎቹን ብቻ እንዲያገናኝ ይታዘዛል። በሦስተኛው ደግሞ አንዴ ጥቁር፣ አንዴ ባዶ እያፈራረቀ ይሄዳል።

ይህ ፈተና የተዘጋጀው ለሥነ ልቦና ምርመራ እንጂ ለኳስ ተብሎ አልነበረም። በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎቹ ቶርቢየርን ቬስትበርግና ፕሬድራግ ፔትሮቪች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው 57 ወንድና ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾችን ፈተኑበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የከፍተኛው ሊግ ተጫዋቾች ከዝቅተኛው ሊግ ተጫዋቾች በልጠዋል፤ ሁለቱም ወገኖች ደግሞ ከተራው ሰው ይበልጣሉ። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ተጫዋቾቹ ከፈተናው በኋላ ያስቆጠሯቸውና ለጎል ያመቻቿቸው ኳሶች ሲቆጠሩ፣ ወረቀቱ ላይ የተሻለ ውጤት ያመጡት ሜዳም ላይ የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ አማካይ ተጫዋች ኳስ ሊያቀብል እግሩን ሲያነሳ እንይ። ያሰበውን መንገድ ተከላካይ ዘጋበት። የመጀመሪያ ሐሳቡን እዚያው መግታት፣ ሌላ መፍጠርና ሳይዘገይ ወደ አዲሱ መዞር አለበት። ሦስቱ ዙሮች የሚለኩት ይህንኑ መፍጠር፣ መግታትና መቀየር ነው።

ማንኛውም የአእምሮ ፈተና እንዲህ ይሠራል ማለት አይደለም። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የሆነው ኤን ኤፍ ኤል ለአሥርተ ዓመታት ወጣት ተጫዋቾችን ወንደርሊክ በተባለ፣ በ12 ደቂቃ 50 የቋንቋ፣ የሒሳብና የምክንያት ጥያቄ በሚያቀርብ ፈተና ሲመዝን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ውጤቱ ከሜዳ ብቃት ጋር ዝምድና እንደሌለው አሳየ፤ በ2022 ሊጉ ፈተናውን ከምልመላ መድረኩ አስወጣው። ጥሩ ተማሪ መሆንና ሜዳ ላይ ፈጥኖ መወሰን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የስዊድኑ ጥናትም ቢሆን ያልመለሰው ትልቅ ጥያቄ አለ፦ ስል አእምሮ ነው ጎበዝ ተጫዋች የሚያደርገው ወይስ የዓመታት ጨዋታ ነው አእምሮን የሚስለው? በዚያ ላይ 57 ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድን ታዳጊ በዚህ ወረቀት ለይቶ ማስቀረት ትልቅ በደል ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ለአሰልጣኝ የሚጠቅመው ሌላ ነገር አለ። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾችን በቪዲዮ አጥንቶ፣ ኳስ ከመድረሱ በፊት አንገታቸውን እያዞሩ ዙሪያቸውን ደጋግመው የሚቃኙት ቅብብላቸው ይበልጥ እንደሚሳካ አሳይቷል። ይህ ወረቀትም ኮምፒውተርም አይፈልግም። ታዳጊዎችን የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ ኳሱ እግራቸው ሥር ሳይደርስ ዞር ብለው እንዲያዩ ከዛሬው ልምምድ ጀምራችሁ አስተምሯቸው።