ፕላኑ ከታዛው ይጀምር

ጅማ ላይ ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ክፍል ይወጣል?» ብሎ ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። ዝናብ እየወረደበት ግቢ የገባ እንግዳ የት ይጠለላል? ቡናው የት ይፈላል? ከነቅርፊቱ የሚደርቀው ቡና፣ ጀንፈሉስ፣ የት ይሰጣል፣ የት ያድራል? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ሰው የክፍሎቹ ነገር አይቸግረውም።

ፕላን ማለት ቤቱን ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመስኮቶቹ ወገብ ላይ፣ አግድም ቆርጠን የላዩን ብናነሣውና ቁልቁል ብናየው የሚታየን ነው። ወፍራሙ መስመር ግድግዳ ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለው ስስ መስመር መስኮት ሲሆን፣ ሩብ ክቡ በሩ ወዴት እንደሚከፈት ያሳያል። በ1፡100 ልኬት የተሠራ ፕላን ላይ 1 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ሜትር ነው። ይህን ያወቀ ባለቤት ማስመሪያ ይዞ የራሱን ቤት ሊፈትን ይችላል። 1.50 ሜትር ስፋት ያለው አልጋ በግራና በቀኙ 60 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይፈልጋል። በጎን ግድግዳው በኩል 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁም ሣጥን ከተጨመረ ክፍሉ ከ3.30 ሜትር መጥበብ የለበትም። በወረቀት ላይ 3 ሜትር ሰፊ ይመስላል፤ ኑሮ ሲገባበት ግን ይጠባል።

ለዚህ አገር ቤት አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል። በእንጨት የተሠራው ባለ ፎቅ ቤት በረንዳ አለው፤ ጣሪያውም ከግድግዳው አልፎ ይወጣል። በረንዳው ከደጅ የመጣውን ሰው ከዝናብ እያስጠለለ የቤቱን ገመና ይጠብቃል። ለአንድ ቤተሰብ የሚሠራ ትንሽ ቤትም ከዚህ ብዙ ይማራል።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ በዓመት 150,000 ሊትር ያህል ይወርድበታል። ታዛው አጭር ከሆነ ይህ ውሃ መሬት ላይ እየተፈናጠረ የግድግዳውን እግር ይበላል፤ ጭቃ ቤት ከሆነማ ቋሚዎቹን ያበሰብሳል። 80 ሳንቲ ሜትር የወጣ ታዛ፣ አሸንዳና ሮቶ ሲኖሩ ግን ያው ውሃ የልብስ ማጠቢያ ይሆናል። የቤቱም ቅርጽ ቀለል ቢል ይመረጣል። የኤል ቅርጽ ባለው ቤት ላይ ሁለቱ ክንፎች ሲገናኙ በጣሪያው ላይ ሸለቆ ይፈጠራል፤ ማፍሰስ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ፀሐይም በፕላኑ ላይ ድምፅ አላት። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስታልፍ በቀሩት ወራት በደቡብ ታልፋለች። ቡና በሚደርቅበት በኅዳርና በታኅሣሥ የቤቱ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል ማለት ነው። ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት የጓሮ ቡናውን በግቢው የሚያሰጣ ቤተሰብ ቤቱን ወደ ሰሜኑ የቦታው ጫፍ አስጠግቶ ደቡቡን ለማድረቂያ አልጋው ቢተው፣ ቡናው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። መኝታ ቤት በምሥራቅ ቢሆን ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ የጧት ፀሐይ ይገባዋል። የከሰዓቱን ሙቀት ደግሞ በምዕራብ በኩል ሻወርና ዕቃ ቤት ቢቀበሉት ይሻላል።

የደረቀው ጀንፈል የራሱ ክፍል ይገባዋል። ቡና እርጥበትም ሽታም ይስባል። ስለዚህ መጋዘኑ ከማድ ቤትና ከሽንት ቤት ጋር ግድግዳ አይጋራ፤ ጆንያውም በእንጨት ርብራብ ላይ እንጂ በሲሚንቶ ወለል ላይ አይቀመጥ።

በጅማና በዙሪያዋ ብዙ ሙስሊም ይኖራልና ቂብላም የፕላን ጉዳይ ነው። መካ ከጅማ በስተሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ትገኛለች። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆነ ሰው ፊቱንም ጀርባውንም ለቂብላ አይሰጥም። በወረቀት ላይ ይህን ማስተካከል አንድ የእርሳስ ጭረት ነው፤ ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ግን ማፍረስ ነው።

የእንጀራ ጭስ ዋናው ቤት እንዳይገባ ማድ ቤቱ በጓሮ ከሰርቪስ ጋር ይሠራል። በመካከል ሰማይ ከታየ ግን በክረምት እናት እንጀራ ተሸክማ በዝናብ ትመላለሳለች። በሁለቱ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጣሪያ መዘርጋት ከብዙ ጌጥ ይበልጣል። አቅም ውስን ከሆነ ቤተሰቡ ሰርቪሱን ቀድሞ ሠርቶ ይገባበታል፤ ዋናው ቤት የሚያርፍበት ቦታ ግን ከመጀመሪያው ቀን በፕላኑ ላይ ይሰመር።

ያለ ፈቃድ ግንባታ እንዳይጀመር የሕንፃ ሕጉ ይደነግጋል። ስለዚህ ፕላኑ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡ ሁሉ ቦታው ላይ ይውጣ። ካስማ ይተከል፣ ሲባጎ ይወጠር፣ ግድግዳው በአመድ ይሰመር። አያት ከመኝታቸው እስከ ሽንት ቤት እርምጃቸውን ይቁጠሩ፤ ልጆች ከበር ወደ ሳሎን ይግቡ።

በመጨረሻም በአመድ የተሰመረው በረንዳ ላይ ረከቦቱን አስቀምጡ፤ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማም ዙሪያውን ደርድሩና ተቀመጡ። ለእንግዳው በርጩማና ጉልበት አንድ ሜትር፣ ለረከቦቱ ግማሽ ሜትር፣ ለቡና አፍይዋ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ለመተላለፊያ 60 ሳንቲ ሜትር ስታስቡ 2.50 ሜትር ይመጣል። ጉልበት ከጉልበት ከተጋጨ በረንዳው ጠቧል። አመዱን በእግራችሁ ጠርጉትና ግማሽ ሜትር አርቃችሁ እንደገና አስምሩት።