«ሲያድግ ይወርዳል» እያልን ጊዜው እንዳያልፍ



ልደታ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ የልጄ አንዱ ፍሬ አልወረደም፤ የሚያወርድ መርፌ አለሽ?» አለችኝ። ሲገረዝ ተነግሯት ነበር። ጎረቤት ግን «ሲያድግ ይወርዳል» ስላላት ጠበቀች።

የዘር ፍሬ የሚፈጠረው በፅንሱ ሆድ ውስጥ ሲሆን፣ ከመወለዱ በፊት ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። በጊዜያቸው ከተወለዱ 100 ወንዶች ከ1 እስከ 4 በሚሆኑት አንዱ ወይም ሁለቱም ሳይወርዱ ይቀራሉ። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱት ቁጥሩ በብዙ ይበልጣል። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱ ይወርዳል፤ ከ6 ወር በኋላ ግን ይህ ዕድል በጣም ጠባብ ነው።

መዘግየቱ ምን ይጎዳል?

አላህ ከረጢቱን ከሆድ ውጪ ያደረገው በጥበብ ነው። ፍሬው ዘር ለማምረት ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ሆድ ወይም ብሽሽት ውስጥ ሲቀር ዘር አመንጪ ህዋሳቱ ገና በሕፃንነት መመናመን ይጀምራሉ። በካንሰር የመያዝ ዕድሉም ከፍ ይላል።

ስለዚህ ፍሬውን አውርዶ ከረጢቱ ውስጥ የሚያቆየው ቀዶ ሕክምና ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ እንዲደረግ ይመከራል። አንዱ ብቻ ያልወረደላቸውና የታከሙ ወንዶች ከ10 ዘጠኙ ያህል ይወልዳሉ። ሁለቱም ያልወረዱላቸው ግን ታክመውም ከ10 ስድስት ወይም ሰባት ያህሉ ናቸው የሚወልዱት። ሁለቱም ሳይታከሙ ከቀሩ መውለድ ብርቅ ነው። ጢምና የወንድ ድምፅ የሚሰጠው ሆርሞን ብዙውን ጊዜ ስለማይቋረጥ ችግሩ ተደብቆ ይቆያል፤ ካገቡ በኋላ ልጅ ሲዘገይም ጣት የሚቀሰረው ሚስት ላይ ነው።

ምን እናድርግ?

ልጃችሁን በሞቀ ውኃ ካጠባችሁ በኋላ ከረጢቱን በቀስታ ዳስሱ። በብርድ ጊዜ ሽቅብ የሚሸሽና በሙቀት የሚመለስ ፍሬ አለ፤ እሱንም ቢሆን ሐኪም ይየው። 6 ወር ሞልቶት ካልወረደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር ጠይቁ። በክፍለ ከተማችን ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል አለው።

የሆርሞን መርፌ ውጤቱ አነስተኛ ስለሆነ ዛሬ አይመከርም። ለዚያች እናት ከመደርደሪያዬ የምሰጣት አልነበረኝም፤ «ዘግይቷል፣ ግን አልመሸም፤ ነገ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው» አልኳት። ሀያእ መልካም ነው፤ ልጅን ከሕክምና የሚያስቀር ግን አይሁን።

ወሏሁ አዕለም።