የተዘለለችው አንቀጽ



ከጥቂት ወራት በፊት ነው። አንድ ምሽት ከመግሪብ ሰላት በኋላ የዘጠኝ ዓመት ልጄ በመድረሳ የሐፈዛትን አን-ነበእ የተባለችውን ሱራ ሊያሰማኝ ከፊቴ ቁጭ አለ። እኔም «ቀጥል» እያልኩ አዳምጠው ነበር፤ ቢያንስ የማዳምጠው ይመስለኝ ነበር። ሲጨርስ «ማሻአላህ፣ ጎበዝ!» አልኩት። ልጁ ግን አልተደሰተም። «አባዬ፣ አውቄ አንድ አንቀጽ ዘልዬ ነበር እኮ። አልሰማኸኝም» አለኝ። ዓይኔ በእጄ ከያዝኩት ስልክ ላይ ነበርና የምመልሰው ቃል አጣሁ።

የሚገርመው፣ እኔ መምህር ነኝ። ቀን በክፍል ውስጥ «ስልካችሁን አስቀምጡ» እያልኩ ወጣቶችን የምቆጣ ሰው ነኝ። ደግሞም በልጅነቴ የቀራሁት በእንጨት ሎሕ ላይ እየጻፍኩ ነው። ሸኻችን ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ አንዲት ሐረካ ስንስት «ተመለስ!» ይሉን ነበር። እኔ ግን የገዛ ልጄ ሙሉ አንቀጽ ሲዘል አልሰማሁም።

ማለቂያ የሌለው ገጽ

ለመሆኑ ስልክ እንዲህ አድርጎ የሚይዘን ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን ምክንያቱን የሰው ስንፍና ብቻ አድርገን እንወስደዋለን። ነገሩ ግን ታስቦበት የተሠራም ጭምር ነው። መጽሐፍም ሆነ ጋዜጣ መጨረሻ አለው። ሲያልቅ ቀና ብለን ዙሪያችንን እናያለን። በጣት ወደ ላይ በገፉት ቁጥር የማያልቀውን ገጽ በ2006 (እ.ኤ.አ.) በመንደፍ ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው አዛ ራስኪን ከዓመታት በኋላ በሥራው መጸጸቱን በይፋ ተናግሯል። የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከርም በ2017 (እ.ኤ.አ.)፣ ከጅምሩ ያሰቡት የሰውን ጊዜና ትኩረት በተቻለ መጠን መውሰድ የሚቻልበትን መንገድ እንደነበር አምኗል።

ሌላው ማሠሪያ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር አለመታወቁ ነው። አንዱ ቪዲዮ ያሰለቻል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛው ያስቃል። ለዚያ ለሦስተኛው ሲባል ሃያ እናያለን። የሥነ ልቦና ሊቁ ስኪነር በእርግቦች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ምግቡ አልፎ አልፎ ብቻ ሲሰጣቸው እርግቦቹ ያለመታከት ሲነቁሩ ታይተዋል። ቁማርተኛን ከመጫወቻው የሚያጣብቀውም ይኸው ነው።

ጸጥታ ከየት ይመጣል?

ተማሪዎቼ «አእምሮዬ አላርፍ አለኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ስልኩ ከእጃቸው ሳይወርድ ጸጥታን ይናፍቃሉ። ይህ ናፍቆት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወሕይ ከመውረዱ በፊት ስንቃቸውን ይዘው በመካ አቅራቢያ በሚገኘው የሒራ ዋሻ ለብዙ ሌሊቶች ብቻቸውን አላህን ይገዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ስንቁም ሲያልቅ ወደ ኸዲጃ (ረ.ዐ) ይመለሱ ነበር። ልብ እንበል! ያ ጸጥታ ከቤተሰብ መሸሻ አልነበረም። የረመዳን ኢዕቲካፍም አማኙ ልቡን ሰብስቦ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ነው። አምስቱ ሰላቶችም በየቀኑ ከጫጫታው የምንወጣባቸው በሮች ናቸው። ታዲያ ተሰላምተን ሳንጨርስ ስልክ የምናወጣ ከሆነ ከበሩ ምን ያህል ገባን?

ስልክን እንጣል ማለታችን አይደለም። ለሥራ ጅዳ ወይም ዱባይ የሄደች እህታችን የእናቷን ድምፅ የምትሰማው በዚሁ ስልክ ነው። ጥያቄው፣ እርሱ ያገልግለን ወይስ እኛ እናገልግለው? የሚለው ነው።

ከራሳችን እንጀምር

በዚያ ምሽት ከባለቤቴ ጋር ተመካከርን። ከመግሪብ እስከ ዒሻእ የሁላችንም ስልክ፣ በቅድሚያ የእኔው፣ ድምፁ ጠፍቶ ቁም ሳጥን ላይ እንዲቀመጥ ወሰንን። የመጀመሪያው ሳምንት ከብዶኝ ነበር፤ እጄ ሳላዘው ኪሴን ይዳብስ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ «ጓደኞቼ ይቀየሙኛል» ብላ አኮረፈች። ቤቱ ዝም አለ። ከቀናት በኋላ ግን ያችው ልጅ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ በትምህርት ቤት ለሁለት ወር ያህል ስታስጨንቃት የኖረችን ነገር በራሷ ጊዜ አወጣችው። እኔና እናቷ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከጎኗ ነበርን፤ ግን አልሰማናትም።

ጤናና ትርፍ ጊዜ ብዙ ሰዎች የሚከስሩባቸው ጸጋዎች መሆናቸውን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችንን ከመቆጣታችን በፊት የእኛን እጅ እንይ። ወጣቶች ሆይ፤ የቀኑን ሁሉ ባትችሉ አንዲት ሰዓት ለዩ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ እንደገና አንድ አንቀጽ ዘለለ። «ተመለስ!» አልኩት። ፈገግ አለና ወደ ኋላ ተመልሶ ቀራት።

አላህ (ሱ.ወ) ሰምተው ከሚጠቀሙት ያድርገን። አሚን።