የውኃ ማጣሪያ አመራረጥ ለመካነ ሰላምና ለአካባቢዋ ደጋ ገበያ

ለቤት የሚሆን የውኃ ማጣሪያ በዛሬ ጊዜ በብዙ ዓይነት ይሸጣል። አንዱ ከሸክላ፣ አንዱ ከከሰል የተሠራ ነው፤ ሌላውም በኤሌክትሪክ ኀይል የሚሠራ ነው። በዋጋ እጅግ ይለያያሉ፤ በሥራቸው ግን ከዋጋቸውም ይበልጥ ይለያያሉ። ስለዚህ ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጣው ነጋዴ፣ በደሴና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚያጓጉዘውና በሱቁ የሚቸረችረው ሁሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን ባጭሩ እናቀርባለን።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ማጣሪያውን ከመምረጥ አስቀድሞ ውኃውን ማወቅ ያስፈልጋል። ውኃን የሚያበላሹት ነገሮች በሦስት ይከፈላሉ። እነርሱም አንደኛ ጭቃና ድፍርስ፣ ሁለተኛ በዓይን የማይታዩ የበሽታ ጀርሞች፣ ሦስተኛ በውኃው ውስጥ የሟሙ ጨዎችና ማዕድኖች ናቸው። ለአንደኛው የተሠራ ማጣሪያ ለሌላው ላይጠቅም ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ዋጋው ከፍ ያለው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ ውኃውን በግፊት በጣም ስስ በሆነ ሽፋን ውስጥ ያሳልፈዋል፤ የሟሟውንም ጨው አብዛኛውን ያስቀረዋል። በውጭ አገር የባሕር ዓሣና ኮራል በመስተዋት ገንዳ በቤታቸው ከሚያኖሩ ሰዎች ብዙዎቹ በዚህ መሣሪያ ይጠቀማሉ። በቧንቧ ውኃ የሚገኘው ፎስፌትና ናይትሬት አረንጓዴ አልጌ ያበዛባቸዋል፤ መዳብም የገንዳውን ፍጥረታት ይጎዳባቸዋል። ስለዚህ አስቀድመው ውኃውን ከሁሉ ነገር ባዶ ያደርጉታል፤ ከዚያም የባሕሩን ጨው በልኩ ይጨምሩበታል። ቲ.ዲ.ኤስ. የሚባለው ብዕር መሰል መለኪያ ዜሮ ሲያሳያቸው ሥራው እንደተከናወነ ያውቃሉ።

በአገራችንም ይህ መሣሪያ ተገቢ የሚሆንበት ቦታ አለ። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚህ እጅግ የበለጠውን ለብዙ ዘመን የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ አጥንቱም ይጎዳል። ፍሎራይድ በማፍላትም በሸክላም አይወጣም። በዚያ አገር ለሚሸጥ ነጋዴ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚገባ ዕቃ ነው።

የመካነ ሰላም፣ የለጋምቦ፣ የወግዲና የሳይንት ደጋ ግን ሌላ ነው። ከባዛልት ድንጋይ የሚፈልቀው የደጋ ምንጭ ጨውነቱ በአብዛኛው አነስተኛ ነው። የዚህ ውኃ ችግር በክረምት የሚመጣው ድፍርስና ከከብት፣ ከሰውም ዓይነ ምድር የሚገባበት ጀርም ነው። እዚህ ላይ ነጋዴው ሊጠነቀቅ ይገባዋል። የቲ.ዲ.ኤስ. መለኪያ የሚቆጥረው የሟሟውን ጨው ብቻ ነው፤ ጀርምን ፈጽሞ አያይም። ከብት የሚጠጣበት ምንጭ በመለኪያው ላይ እጅግ መልካም ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ሕፃን ግን ይገድላል። በዚህ መለኪያ ብቻ የውኃን ንጽሕና የሚያስረዳ ሻጭ ደንበኛውን ያሳስታል።

ደግሞም ሪቨርስ ኦስሞሲስ ውኃ ያባክናል። ተራው የቤት መሣሪያ አንድ ሊትር ለማጣራት ሦስት ወይም አራት ሊትር ያፈሳል። እንግዲህ በጀርባ ተሸክመው ካመጡት 20 ሊትር ጀሪካን ለመጠጥ የሚተርፈው አራት ወይም አምስት ሊትር ብቻ ነው። ግፊትም ይፈልጋል፤ ፓምፕ ከሌለው ወደ ሦስት አትሞስፌር ያህል ያስፈልገዋል። በሦስት ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ግን የሚሰጠው የአንድ አትሞስፌር ሲሦ እንኳ አይሞላም። ፓምፕ ቢጨመርለትም መብራት በጠፋ ጊዜ ይቆማል።

ለዚህ አገር የሚስማማው የሸክላ ማጣሪያ ነው። መብራትም ግፊትም አይፈልግም፤ ውኃው በራሱ ክብደት ይንጠባጠባል። ቀዳዳዎቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ድፍርሱንና አብዛኛውን ባክቴሪያ ይይዛል። ማጣራት ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1892 ታይቷል። በሐምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 ሰው በላይ ሲያልቅ፣ ከዚያው ከኤልብ ወንዝ የምትጠጣው ጎረቤቷ አልቶና ውኃውን በአሸዋ ታጣራ ስለነበር ከብዙው ጥፋት ድናለች።

ነገር ግን ሸክላ ቫይረስን በሚገባ አይዝም። ስለዚህ ከተጣራ በኋላ በአገራችን «ውኃ አጋር» በሚል ስም ሲሸጥ የቆየውን የመሰለ ክሎሪን በመመሪያው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መቆየት ይጠቅማል። ክሎሪን የማይገድላቸውን አንዳንድ ጀርሞች ሸክላው ያስቀራል፤ ሸክላው ያሳለፈውን ክሎሪኑ ይገድላል። ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ ቢቀመጡ ለባለሱቁም ለገዢውም ይበጃል። ማፍላትም ፍጹም መልካም ነው። በመካነ ሰላም ከፍታ፣ ይኸውም 2,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ይገባል። ጉዳቱ የማገዶው ወጪ ነው።

የከሰል ማጣሪያ ሽታንና ጣዕምን ያሻሽላል እንጂ ለብቻው ጀርም አያስወግድም። የአልትራቫዮሌት መብራት ጀርም ይገድላል፤ ሆኖም ጥሩ ውኃና የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ያስፈልገዋል።

አስመጪው ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን የኤን.ኤስ.ኤፍ. ደረጃ ቁጥር ያንብብ። 42 ስለ ጣዕምና ሽታ ብቻ፣ 53 ጤናን ስለሚጎዱ ነገሮች፣ 55 ስለ አልትራቫዮሌት፣ 58 ስለ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ነው። 42 ብቻ ያለበትን ዕቃ «ከበሽታ ያድናል» ብሎ መሸጥ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ማጣሪያዎችን እየመረመረ ከአንድ እስከ ሦስት ኮከብ ይሰጣቸዋል። ሁለተኛ፣ መለዋወጫ ሸክላ አብሮ ይዘዝ፤ ሸክላው ሲያልቅ መተኪያ ካልተገኘ ማጣሪያው ተራ ባልዲ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ሸክላ በመንገድ እንዳይሰነጠቅ አስተሻሸጉን ይመልከት፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ጀርም ያሳልፋልና።

ባለሱቁም ለደንበኛው እንዲህ ብሎ ቢያስረዳ መልካም ነው። የደፈረሰ ውኃ አስቀድሞ ይጥለል፣ በንጹሕ ጨርቅም ይጠለል፤ ሸክላው ያለ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፤ የተጣራውም ውኃ ክዳንና ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ኩባያ የሚነከርበት ውኃ እንደገና ይበከላልና።

ደንበኛ ማጣሪያ የሚገዛው ልጁን ከተቅማጥ ለማዳን ነው። የማያስፈልገውን ውድ መሣሪያ የሸጠለት ነጋዴ አንድ ጊዜ ያተርፍ ይሆናል፤ ልጁ ሲታመምበት ግን ገዢው ወደዚያ ሱቅ አይመለስም። «ውኃህ ከየት ነው?» ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ነጋዴ ግን ዕቃውንም ስሙንም ይጠብቃል።