የወር አበባና የስኳር በሽታ

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን በእፍረት ታፍኖ የሚቀር ነው። በዱርቤቴም ሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ስኳር ያለባት እህት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ስለ ምግቧና ስለ መርፌዋ ትናገራለች፤ ስለ ሐይዷ ግን ብዙ ጊዜ አታነሳም። ሁለቱ ግን የተያያዙ ናቸው።

የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይበዛል። ያን ጊዜ የብዙ ሴቶች ሰውነት ኢንሱሊንን እንደ ወትሮው አይቀበልም። ስለዚህ እንጀራዋን ሳትጨምር፣ መርፌዋንም ሳታጓድል ስኳሯ ከፍ ሊል ይችላል። «ጣፋጭ በልተሽ ነው» ብለን አንውቀሳት። ደሙ ሲጀምር ሆርሞኑ ቀንሷልና ስኳሩም ወደ ታች ይመለሳል። መርፌዋን ጨምራ ከነበረ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና መደናገር ከታየባት ወይም ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠን እናጠጣት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ትለካ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ሳንሰጣት ወደ ሐኪም እናድርሳት።

በረመዳን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በሐይድ ላይ ያለች ሴት እንደማትጾም፣ ኋላም ቀዷ እንደምታወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም አንዳንድ እህቶች አባትና ወንድም እንዳያውቁባቸው ሲሉ ሳይበሉ ይውላሉ። ኢንሱሊን ወስዳ፣ ስኳሯ በሚወርድበት ቀን በባዶ ሆዷ የምትውል እህት ሕይወቷን ለአደጋ ታጋልጣለች። አላህ ያገራላትን እኛ በሐያእ ስም አናክብድባት፤ እናቶች ምሳዋን ያቅርቡላት።

ሌላው ደግሞ ስኳሯ ከፍ ብሎ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ትውከት፣ ውኃ ጥምና ፈጣን ትንፋሽ ከመጣባት «የወር አበባ ቁርጠት ነው» ብለን አንለፈው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለ3 ወር ያህል የወር አበባው የመጣበትን ቀን፣ ጠዋትና ማታ የተለካውንም ስኳር በደብተር ትመዝግብ። ሁሉም ሴት አንድ ዓይነት አይደለችምና የራሷን መልክ የምታየው በዚህ ነው። ደብተሩን ለባለሙያው ታሳይ፤ የመርፌው መጠን በእርሱ ምክር ይስተካከል እንጂ በግምት አይሁን፤ ኢንሱሊንም በምንም ምክንያት አይቋረጥ።